ምስማር ያልወጋው ቁስል

የታናሽ እህቴ ባል ሶፋ ሰሪ ነው። ጥቃቅን ምስማሮች ይጎርስና በምላሱ ጫፍ አንድ በአንድ እየገፋ ያወጣቸዋል፤ ግራ እጁ ተቀብሎ ጨርቁ ላይ ያቆማል፣ ቀኝ እጁ በመዶሻ ይመታል። ስለዚህ ከደንበኛ ጋር አይጨቃጨቅም። እህቴ፣ «ዝምታውን አይቼ አገባሁት፤ ለካስ ምስማር ጎርሶ ኖሯል» እያለች ትቀልዳለች።

ከታች ድዱ ላይ ነጣ ያለ ቁስል ወጣበት። የሰፈሩ ክሊኒክ ባለሙያ ሥራውን ጠየቀው፤ ሲሰማ ሳቀ።

«ምስማር እየጎረስክ ታዲያ ምን ጠብቀህ ነበር?»

መጉመጥመጫ ሰጥቶ ሸኘው። ሰውዬው ከዚያን ቀን ጀምሮ ምስማሩን ከአፉ አውጥቶ በቆርቆሮ አደረገው። ቁስሉ ግን ሰፋ፤ ጥርሱም መነቃነቅ ጀመረ። አንድ የጥርስ ሐኪም ነቀለለትና፣ «ዝገት ገብቶበት ነው» አለ።

እህቴ፣ «ዶክተር፣ ምስማር አፉ ከገባ እኮ ወራት አለፉ» አለችው።

«እሱን ለእኛ ተይልን፣ እናቴ።»

የተነቀለበት ጉድጓድ አልደርቅ አለ፤ ትርፍ ሥጋ አበቀለ። ሌላ ዘንድ ሄዱ። ያኛውም የፊተኛውን ወረቀት አነበበና ምስማር አለ። ባትሪ አብርቶ ቁስሉን ራሱን የመረመረ አልነበረም።

ዕድሜዬን ከመጻሕፍት ጋር ፈጅቻለሁ፤ አላዋቂነት አንገብግቦኝ አያውቅም። አላዋቂ ቢያንስ ይጠይቃል። እኔን የሚያቃጥለኝ መልስ ያገኘ ሰው ነው፤ መልሱ እጁ ከገባ ወዲያ በሽተኛው ራሱ ይረብሸዋል። ለፍቶ አዳሪ ሲታመም ደግሞ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ከሥራው ይመዘዛል። ሠርቶ መብላቱ ጥፋት ይመስል።

በመጨረሻ የትልቁ ሆስፒታል ሐኪም ጣቷን አስገብታ ድዱን ዳሰሰች፣ አንገቱን ነካካች፤ ከሥጋው ቆንጥራ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ሦስታችንንም አስቀምጣ ነገረችን። ካንሰር ነው፤ ከአፍ ካንሰርም እምብዛም የማያጋጥም፣ ሲስፋፋ ጊዜ የማይሰጥ ዓይነት። አሁንም ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ግማሽ መንጋጋው ይሄዳል፣ ከምላሱም የሚሄድ አለ። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ምላሱ ባልተነካ ነበር።

አጠገቧ የቆመው ጎልማሳ ባልደረባዋ፣ «እስከዛሬ ቤት ምን አስቀመጣችሁ?» አለ።

እህቴ ቀና ብላ አየችው። «ቤት አልተቀመጥንም፣ የኔ ልጅ። እናንተ ጋ ነበርን።»

ሶፋ ሰሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቁረጡት» አለ፣ ቃሉ እየተንሻፈፈ። «ግን መዝገቤ ላይ ምስማር የሚለውን መጀመሪያ ሰርዙልኝ።»

ሐኪሟ እስክርቢቶ አነሳች። በየገጹ እየፈለገች ሰርዛ እስክትጨርስ ድረስ ከወንበሩ አልተነሳም።