ከሻንቶ እስከ ሃላሌ በማይዝ ፍሬን

ሻንቶ፣ ከጠዋቱ 12:15

ጎህ ሲቀድ ወጣን። እኔ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ፣ በመካከላችን የዓይን ጠብታዋና ነጠላዋ የተቋጠረበት ፌስታል። ሶዶ ሆስፒታል የዓይኗ ሞራ ከተገፈፈ ሦስት ሳምንት ሆኗታል። እኔ ጋ ስታገግም ቆይታ ዛሬ ወደ ቤቷ፣ ወደ ሃላሌ መመለሷ ነው። እሷ በሚኒባስ እንሂድ ብላ ነበር፤ አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት በግብርና ባለሙያነት ቀበሌ ለቀበሌ የዞርኩባት ሞተር እያለችኝ፣ እናቴን ከጆንያ ጋር አላስጠቀጥቅም አልኩ።

ከከተማው ሳንወጣ የኋላ ፍሬኑን ረገጥኩ። ፔዳሉ ሰመጠ፣ ሞተሯ ግን መንገዷን ቀጠለች። ባለፈው ሳምንት እኮ ነው ሶዶ ያለ መካኒክ «የፍሬን ሸራውን በአዲስ ቀየርኩልሽ» ያለኝ። ደሜ መፍላት የጀመረው እዚያው ነው።

ሶዶ፣ 1:40

እናቴን ማዶ ሻይ ቤት አስቀምጬ ገባሁ። መካኒኩ ጋራዡን ገና መክፈቱ ነው። ጥርሱን እየፋቀ ሞተሯን አንዴ ዞራት። ከኋላ ጎማው አጠገብ ያለውን የፍሬን ማጥበቂያ ዳዶ ሁለት ዙር አጠበቀና ተነሳ።

«ሞተሯ ምንም አልሆነም። እግርሽ ነው ደካማ።»

«ምን አልክ?»

«ሴት አጥብቃ አትረግጥም። ወንድ ቢነዳት ቀጥ ነው የምትለው።»

«ጎማውን ፍታና አሳየኝ። ሃላሌ ነው የምወርደው፣ እናቴን ይዤ።»

«የተሠራ ነገር አይፈታም።» መፋቂያውን ወደ ሌላኛው ጉንጩ አዛወረ። «ሂጂ፣ ምንም አትሆኚም።»

አጠገቡ የቆሙ ሁለት ደንበኞች እግሬን አይተው ሳቁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህ እግር ያልረገጠው ጭቃ የለም፤ እነሱ ግን ምን ያውቃሉ! እዚያው ቁጭ ብዬ ራሴ መፍታት ነበረብኝ። ፀሐዩ ሳይከር፣ አቧራው በእናቴ ዓይን ሳይገባ እንድረስ ብዬ ተነሳሁ። ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

በመንገድ ላይ፣ 3:00

መንገዱ ጠጠር ሆኗል። በግራም በቀኝም እንሰት፣ ከእንሰቱ በላይ አቮካዶ። ገበያ ቀን ስለሆነ ሴቶች ጎደሬና ቅቤ ይዘው በጠርዙ ይሄዳሉ። አንዷ ከነሸክሟ ድንገት መንገዱን አቋረጠች። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት፤ ባዶ ነው። የፊቱን ፍሬን ጨበጥኩ፣ ጎማው በጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ሞተሯም ጎኗን ሰጥታ ከሴትዮዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመች። ሴትዮዋ በወላይትኛ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ልክ ነበረች።

«ምነው አልቆመችም?» አለችኝ እናቴ።

«ጠጠሩ ነው ያንሸራተተን። ፍሬኑስ ይይዛል።»

ዋሸኋት። እሷም ወገቤን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ጉንጯን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። ትንሽ ቆይተን መንገድ ዳር የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ ገዛን። እሷ በላች፤ እኔ ድርሻዬን ለእሷ ሰጠኋት።

ከቁልቁለቱ አፋፍ፣ 4:30

ከዚህ በኋላ መንገዱ መውረድ ብቻ ነው። ቆምኩ። እናቴን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬ፣ ሰው እየጠበቀ ከነበረ ባለ ባጃጅ የጎማ መፍቻ ተዋስኩ። ማርቆስ ይባላል፤ ጢሙ የሸበተ፣ ዝግ ያለ ሰውዬ። አብሮኝ ተንበርክኮ ጎማውን ፈታን።

ሸራው ያው አሮጌው ነው! ተበልቶ ብረቱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። በሸራውና ሸራውን በሚገፋው ብረት መካከል ያለውን ክፍተት እንድትሞላ አንዲት የታጠፈች ቆርቆሮ ተሸጉጣለች፤ እሷም ተንሸራትታ በአንድ ጎን ወጥታለች። ማርቆስ በአውራ ጣቱ ጠረጋት። የቲማቲም ሥዕል ግማሹ ታየ።

«የሳልሳ ቆርቆሮ ናት» አለ። «ሸራ ሲጠፋ እኛም እናደርጋለን፣ እህቴ። ግን ለሜዳ ነው። ለዚህ ቁልቁለት ማን ያስገባል?»

መካኒኩ ጋ ደወልኩ።

«አዲስ ሸራ ያልከኝ የሳልሳ ቆርቆሮ ነው?»

«ሸራ ጠፍቶ ነው። ሻንቶና ሶዶ ለምትመላለሺው ይበቃል ብዬ ነው።»

«ሃላሌ ነው የምወርደው አላልኩህም?»

«ታዲያ ቀስ ብለሽ ውረጂያ።»

ጮህኩበት። በአማርኛ ጀምሬ በወላይትኛ ጨረስኩ። እናት የለህም ወይ፣ የእኔን እናት ገደል ልትከታት ነው ወይ፣ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ስዞር እናቴ ከኋላዬ ቆማለች።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከሶዶ ጀምሮ?»

«ከሻንቶ።»

ፌስታሏን ከሞተሯ ኮርቻ ላይ አነሳችና ወደ ባጃጁ ሄደች።

«የአንተስ ይይዛል?» አለችው ማርቆስን።

«ይይዛል፣ እማማ።»

«አሳየኝ።»

ማርቆስ አልሳቀም። ገብቶ በሜዳው ላይ ጥቂት ነዳና ቀጥ አድርጎ አቆመው። «ድገመው» አለችው። ደገመው። ሞራው በተገፈፈው ዓይኗ ጎማውን አተኩራ ታይ ነበር። እኔን ጠዋት አሳዪኝ አላለችኝም፤ ዝም ብላ ነው ሞተሯ ላይ የወጣችው። ለሦስተኛ ጊዜ ካስደገመችው በኋላ ባጃጁ ውስጥ ገባች።

ሃላሌ፣ 6:00

ጎማውን መልሼ አሠርኩና በአንደኛ ማርሽ፣ የፊቱን ፍሬን በትንሽ በትንሹ እየነካሁ፣ የባጃጁን አቧራ እየዋጥኩ ብቻዬን ወረድኩ። ስደርስ ጎረቤቶቿ ከበዋታል። አንዷ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ «ታዪኛለሽ?» ትላታለች። «አይሻለሁ» ትላለች እናቴ፣ ሁሉም ይስቃሉ።

«ማን አመጣሽ?» አለች ሌላዋ።

እናቴ ወደ ማርቆስ አመለከተች። እኔ ከአጥሩ አጠገብ ሞተሯን ይዤ ቆሜ ነበር፤ አላረምኳትም።