የሚስተር ናይር አጎት ከስቅላት የተረፈ ዕለት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ፣ በአፓርታማችን ቢሮ ውስጥ የጤፍ ዱቄት ካርቶኔን ልቀበል ከልጄ ጋር ተሰልፌ ሳለ፣ ከፊቴ ከቆሙት ህንዳዊ አዛውንት ፀጉር የኮኮናት ዘይት ሸተተኝ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። በረንዳቸው ላይ ለርግቦች ጥሬ መበተን አልተውም በማለታቸው ወጣቱ ማናጀር ቤቱን በሠላሳ ቀን እንዲለቁ የሚያዝ ወረቀት እየሰጣቸው ነበር። «ሶሪ ሰር፣ ፖሊሲ ነው» ይላቸዋል። እኔ እንደ ጨዋ ሰው ስልኬ ላይ አቀረቀርኩ፤ አፍንጫዬ ግን አሰላ፣ ሰባተኛ ክፍል ድረስ ይዞኝ ሄደ።

ሚስተር ናይር የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበሩ፤ ፀጉራቸው በዚሁ ዘይት ከመወልወሉ የተነሣ ዝንብ የሚያንሸራትት፣ ሱሪያቸውን እስከ ደረታቸው የሚታጠቁ፣ ሲቆጡ በሦስት ቋንቋ የሚቆጡ ሰው። የእንግሊዝን ቅኝ ግዛት ሲታገል የተሰቀለ አጎት ነበራቸውና ታሪኩን ለወላጆች ቀን ቴአትር አድርገው ጻፉት። አጎትየው በወጣትነቱ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ ፍራፍሬ እየለቀመ በድብቅ የዐመፅ ጋዜጣ ያትማል፤ አገሩ ተመልሶ አምባር ሻጭ መስሎ ጋዜጣውን በየመንደሩ ያድላል፤ በመጨረሻም ተይዞ ይሰቀላል። ያኔ ካሊፎርኒያ የህንድ አውራጃ ትመስለኝ ነበር፤ አሁን እዚሁ አጠገባችን ያለችውን፣ ህንዶች የሞሉባትን ፍሪሞንትን ሳይ ብዙም አልተሳሳትኩም እላለሁ።

ወንዶቹ ሁሉ የእንጨት ጠመንጃ ስለሚያዝበት የእንግሊዝ ወታደር ካልሆንን አሉ፤ ሊመታና ሊሰቀል የወደደ ጠፋ። ስለዚህ ዐመፀኛው ድምፀ ጎርናናዋ እኔ ሆንኩ፤ ጢም በከሰል ተሳለልኝ። ከገመዱ ሥር ቆሜ የማሰማውን የመጨረሻ ንግግር ምሳ ስበላ ሳይቀር አንድ ወር ሙሉ ስሸመድድ ከረምኩ። መሞት እንደዚያ ያማረኝ ጊዜ የለም።

ቀኑ ደረሰ። የሰፈራችን ሽማግሌ ግራዝማች ወልዴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ቴአትር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። የጥጥ ፀጉር የደፋው ዳኛ፣ የክፍሌ ልጅ ፍቅሬ፣ «በስቅላት ይቀጣ!» ሲል እናቶች አለቀሱ፤ እኔ ለንግግሬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ይኼኔ ግራዝማች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ብድግ አሉ፤ መጋረጃ የሆነንን አንሶላ የያዘውን ድንጋይ ጫንቃቸው ላይ አወጡና፣ አንሶላው ግማሹ እየወደቀ፣ ዳኛው ፊት ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ልጅ ነው፤ ላገሩ ብሎ ነው ያጠፋው። ስለ እግዚአብሔር ይማሩልን፤ እኛ ዋስ እንሆናለን።»

«አልማርም፣ ስቀሉኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አንተ ዝም በል! ስላንተ እኮ ነው የምንለምነው» አሉኝ ግራዝማች፤ ጢሜን አምነውታል።

ፍቅሬም ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞበት እምቢ የሚል ልጅ ሆኖ አላደገም። «እሺ አባባ፣ ምሬዋለሁ» አለ። የእንግሊዝ መንግሥት በሦስት ደቂቃ ተሸነፈ። እልልታው ቀለጠ፤ የእኔን ጢም ግን የንዴት እንባ አጠበው።

ሚስተር ናይር ቆዳችንን ይገፉታል ብለን ስንጠብቅ፣ ከአንሶላው ጀርባ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። አጎታቸው የተወሰደ ቀን መንደሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ እንደነበር ቀስ ብለው ነገሩኝ። አንድ ሰው እንኳ አልወጣለትም። በማግስቱ ደብተራቸውን አውጥተው የስቅላቱን ገጽ ሰረዙና በቦታው ሦስት ሽማግሌዎችን አስገቡ፤ ከዚያ ወዲያ አጎትየው በየዓመቱ አሰላ ላይ ምሕረት ያገኝ ነበር። ንግግሬ እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።

ሚስተር ናይር ኮንትራታቸው አልቆ ሄዱ፤ ግራዝማችም አረፉ። በሌላ ሰው ላይ ሲፈረድ ከወንበሩ ብድግ የሚል ሰው ከእሳቸው ጋር የተቀበረ ይመስለኛል፤ ያሳዝነኛልም። እዚህ ሁላችንም በራችንን ዘግተን ነው የምንኖረው፤ እኔም ከሁሉ ቀድሜ።

«ኔክስት!» አለ ማናጀሩ፣ ካርቶኔን እያቀበለኝ። አዛውንቱ ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ በሩ ዞረዋል። አሰላ ላይ ሦስት ነበሩ፤ እኔ አንድ ነኝ፣ ድንጋይም የለኝ። የጤፍ ካርቶኑን ጫንቃዬ ላይ አወጣሁና ማናጀሩ ፊት ቆምኩ።

«ማሚ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ?» አለች ልጄ፣ በሀፍረት ጃኬቴን እየጎተተች።

ማናጀሩን በዚያው በሚስተር ናይር እንግሊዝኛ፣ «ልጄ፣ እኚህን አባት ማርልኝ» አልኩት፤ «ለርግቦቹ እኔ ዋስ ነኝ።»