የዘለልኩት ምዕራፍ

ያን ሐሙስ ከሰዓት... ለአባዬ መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብለት አንድ ምዕራፍ ዘለልኩ።

ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የማነብለት እኔ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው። ጡረታ እስኪወጣ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ሥርዓት ይወዳል። መጽሐፉን እንደተጠረዘ አይሰማም፣ ነገሩ በተፈጸመበት ቅደም ተከተል ነው እንጂ። ሳሎን ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፏል። በአንድ በኩል ምዕራፉ፣ በሌላ በኩል የእስራኤል ታሪክ... ማን ነገሠ፣ ከማን ተዋጋ። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሲሸሽ የዘመረው መዝሙር ሳይቀር እዚያው ሽሽቱ መሃል ነው የሚነበበው። ባነበብን ቁጥር በእስክሪብቶ ራይት ያደርጋል።

ማክሰኞ፣ ዳዊት አቤሴሎምን ከስደት አስመልሶ ፊቱን ግን አላሳየውም የሚለው ጋ ስንደርስ አስቆመኝ። ወንድሜ ትምህርቱን ጥሎ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ከሆነ ጀምሮ አባዬ ሁለት ዓመት አኩርፎታል።

«ዳዊት እዚህ ጋ አጥፍቷል» አለ። «ደውዪለት። ይምጣ በዪው።»

በረንዳ ወጥቼ ደወልኩ። ያነሳው የማላውቀው ሰው ነው... ወንድሜ በዚያው ማለዳ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል።

አጎቴ ጋ ሮጥኩ። «አስከሬኑ ዓርብ ይገባል። ማለዳ ተሰብስበን እናረዳዋለን፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ። ወጉ ነው። ለሱ ቀላል ነው... ማዕድ ላይ ከአባዬ ፊት ለፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ።

«ደወልሽለት?» አለኝ አባዬ ማታውኑ።

«ኔትወርክ እምቢ አለኝ።»

በማግስቱም ጠየቀኝ፣ በማግስቱም ዋሸሁ።

ሐሙስ ተራው የአቤሴሎም ሞት ሆነ። መልእክተኞቹ እየሮጡ ሲመጡ ዳዊት ስለ ልጁ የሚጠይቅበት። አልቻልኩም። ገልብጬ ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለስበት ጋ ጀመርኩ።

አባዬ ተነስቶ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«ዘለልሽ» አለ።

«ረዘመብኝ አባዬ...»

«እከሌ እከሌን ወለደ የሚለውን እንኳን ዘለሽ አታውቂም።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ከደወልሽለት በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ» አልኩት። «እመጣለሁ ብሎኝ ነበር።»

ዓርብ ማለዳ ዘመዶቻችን መርዶ ይዘው ሲያንኳኩ አባዬ ጥቁር ለብሶ ከፈተላቸው። «ልጄ ሊመጣ ነበር እኮ» አላቸው።

ሁለት ቀን ሙሉ ኔትወርክ የለም ስለው መክረሜን... እሱም ዘለለው።