የመምህሩ ክፍልና ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች

በዚያ ዘመን ኢየሩሳሌም በሽቦና በግንብ ለሁለት ተከፍላ ነበር። እኔ የምኖረው በምዕራቡ በኩል፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ጀርባ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ባለቤቴ የቅጥሩ ዘበኛ ነው፤ እኔ ደግሞ የካህናቱን ልብሰ ተክህኖና የመቅደሱን መጋረጃ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ ድምፅ እስከ መንገዱ ስለሚሰማ ሰፈርተኛው ሁሉ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ይዞ ይመጣል።

ከኛ ፊት ለፊት ከጀርመን የመጡ አንድ የፊዚክስ መምህር ከሚስታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ጡረታ ወጥተዋል። ልጅ የላቸውም፤ የሙዚቃ ሸክላ ግን ግድግዳ ሙሉ አላቸው። አንድ ቀን እንግሊዝ አገር ያለው ወንድማቸው በመርከብ የላከላቸው ሁለት ትልልቅ ሣጥኖች መጡ። አራት ሰው ተጋግዞ ደረጃውን አወጣቸው። ሲከፈቱ ድምፅ ማጉያዎች ናቸው፤ ቁመታቸው እስከ ደረቴ፣ እንጨታቸው ፊት እስኪያሳይ የተወለወለ።

መምህሩ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ሸክላ ቢያጫውቱ፣ ድምፁ ዋሻ ውስጥ እንደሚነዳ ጋሪ ተንጓጓ። ዘፋኟ ምን እንደምትል አይለይም። ጎረቤቱ በይሉኝታ አጨብጭቦ ወጣ። የመምህሩ ፊት ግን ጠቆረ።

በማግስቱ ሚስታቸው መጡና፣ "መጋረጃ ትሰፊልን እንደሆነ ብዬ ነው። ባለቤቴ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም" አሉኝ።

ሄጄ ክፍሉን አየሁት። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳውም ወለሉም ድንጋይ። እጄን አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ፤ ጭብጨባው ዞሮ ተመለሰ። መምህሩ የክፍሉን ርዝመትና ወርድ ወረቀት ላይ እያሰሉ ነበርና ቀና አሉ።

"ምን ሰማሽ?"

"ቤተ ክርስቲያናችን ክብ ናት፣ መምህር። በአዘቦት ቀን ደብተራዎቹ ብቻቸውን ሲያዜሙ ቃሉ ጉልላቱን ዞሮ እርስ በርሱ ይጋጫል። በክብረ በዓል ግን፣ ሕዝቡ ጋቢና ነጠላውን ለብሶ ሲሞላት፣ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ይላል። የገደል ማሚቶውን ጨርቁ ይጠጣዋል።"

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። "ስለዚህ የሚያስፈልገን ሕዝብ ነዋ!" ብለው ሣቁ። "እኛ ግን ሁለት ነን።"

"እንግዲያው በሱፍ እንሙላው" አልኳቸው።

ሦስት ሳምንት ሠራን። ከወፍራም ሱፍ እጥፍ መጋረጃ ሰፋሁ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ወደ ኋላ ግድግዳ ሄደ። ማጉያዎቹ ጥግ ውስጥ ሲሆኑ ወፍራሙ ድምፅ ያጉረመርማል፤ ክንድ ያህል ወደ ፊት ስንስባቸው ይረጋጋል። መምህሩ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ፣ ጣት በጣት እያስጠጉ፣ ወንበራቸውን በበሩ በኩልና በመስኮቱ በኩል ካሉት ከሁለቱም ማጉያዎች እኩል ርቀት ላይ አኖሩት። ሸክላው ሲዞር የዘፋኟ ትንፋሽ እንኳ ተሰማኝ።

"በቀኜ፣ በበሩ በኩል ያለው ደክሟል" አሉ።

ሁለቱን ማጉያዎች አቀያየርናቸው። "አሁንም በበሩ በኩል ያለው ነው።" እንግዲያው ጥፋቱ የግድግዳው ነው ብለው፣ በዚያ በኩል ያለውን መጋረጃ አስወረዱኝ፣ አሰቀሉኝ፣ እንደገና አስወረዱኝ። በመጨረሻ ያን ግድግዳ የሚያፈርስ ግንበኛ ለሰኞ ቀጠሩ።

ዓርብ ጠዋት ጠርዝ ልቀመቅም ስሄድ መምህሩ ወጥተው ነበር። ሚስታቸው ሸክላ አጫወቱልኝና በመምህሩ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁ። ሁለቱም ማጉያዎች እኩል ናቸው። ግራ ገብቶኝ ይህንኑ ነገርኳቸው።

የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። "ጆሮው ነው" አሉ በቀስታ። "የቀኝ ጆሮው። ዓመት አልፎታል። በዚያ በኩል ስጠራው አይሰማኝም። እንዴት ብዬ ልንገረው? ዕድሜውን ሙሉ ሲመኝ የኖረው እንዲህ ያለ ድምፅ መስማትን ነው።"

"ግንበኛው እኮ ሰኞ ይመጣል!"

"አውቃለሁ" አሉ።

መምህሩ ሲመለሱ አፌ ቀደመኝ። "መምህር፣ አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ወንበሩን አዙረው፣ ጀርባዎን ለማጉያዎቹ ሰጥተው ይስሙ።"

"ለምን?"

"እስቲ ለኔ ብለው።"

ዞረው ተቀመጡ። ጥቂት ሰሙና "አሁን ደግሞ በመስኮቱ በኩል ያለው..." ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። የፊዚክስ ሰው ናቸው፤ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም። ቀኝ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከደኑ፤ ከዚያም ግራውን።

"ታውቂ ነበር?" ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ።

ሚስታቸው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህሩ ተነሥተው መኝታ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ።

እኔ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ "የታዘዝሽውን መጋረጃ ሰፍተሽ አትመለሺም ነበር?" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ግድግዳ ሲፈርስ ዝም ብዬ እንዴት ልይ? አሥር ቀን ያህል መምህሩ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ያልፉኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጥተው በራችንን አንኳኩ።

"ግንበኛውን መልሼዋለሁ" አሉኝ። "ክፍሉን የለካሁት ሁለት ጆሮ ላለው ሰው ነበር። መቀስሽን ይዘሽ ነይ።"

ወንበራቸውን ወደ ቀኝ አዞርነውና ግራ ጆሯቸው ከማጉያዎቹ ፊት ለፊት ሆነ። ጨርቁ በዝቶባቸው ስለነበር የአንዱን መጋረጃ ግማሽ ቆርጬ ጣልኩ። ለሌላ ሰው ክፍሉ የተንጋደደ ይመስል ነበር። እሳቸው ግን ሰምተው ሲጨርሱ "ሁሉም ከአንድ ቦታ ይመጣል" አሉ። "ቃሉ ግን ይሰማል።" ሚስታቸው እጃቸውን በመምህሩ ትከሻ ላይ አኖሩ፤ መምህሩም እጃቸውን አልገፉትም።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ይጠሩኝ ጀመር። ቀድሞ ወንበራቸው በነበረበት፣ በሁለቱ ማጉያዎች መካከል ያስቀምጡኝና "ቫዮሊኑ የት ነው?" ይሉኛል።

"ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሏል።"

"ፒያኖውስ?"

"መካከል ላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንዳንዴ "ልክ ነሽ" ይላሉ። እንዴት እንዳወቁ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም።