አያቴ የሚዳብሱት ቱቦ

አያቴን ሳስብ ቀድመው የሚመጡልኝ ጣቶቻቸው ናቸው። ከተማችን ሐርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ስትገነባ በአሮጌ ፒካፓቸው ድንጋይ ያመላልሱ ነበር። ሁልጊዜ ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ኮፈኑን ከፍተው የፍሪሲዮኑን የዘይት ቱቦ ከላይ እስከ ታች ይዳብሳሉ። ከብረት ጋር የሚፋተግበት ቦታ ካገኙ የጎማ ቁራጭ ይጠቀልሉበታል። ጠባቡ ቦታ የእኔ ድርሻ ነበር።

"ነይ እስቲ፣ ያንቺ ጣት ቀጭን ነው" ይሉኛል። እስከ ክርኔ ጠቁሬ፣ ደስ ብሎኝ እወጣለሁ።

ድንጋዩን የሚጭኑት ሠራተኞች ይስቁባቸዋል። "አባባ፣ ዛሬም መኪናዋ ታመመች?"

"ሳትታመም ነው መጠየቅ። ከታመመችማ መካኒኩም ይጠይቃታል።"

አላህ ይዘንላቸውና፣ አሁን የሚነዳት አባቴ ነው፤ የቤታችን እንጀራም በእሷ ላይ ነው። ከሐዘኑ በኋላ ሥራ በጀመረበት ጠዋት ቸኩሎ ቁልፉን ሊያዞር ሲል "አባዬ፣ ቆይ" አልኩትና ኮፈኑን ከፈትኩ። አያቴ የሚቆሙበት ጎኔ ባዶ ነበር። እጄን ሰደድኩ። የጠቀለሉት ጎማ ተፍቆ ሳስቷል፤ ከሥሩ ያለው ቱቦ ግን ጭረት እንኳ የለበትም።

የእሳቸውን ሳልፈታ በላዩ የራሴን ጠቀለልኩ።

"ታማለች እንዴ?" አለኝ አባቴ።

"ደህና ናት" አልኩት። "አስነሳት።"