ውሃ የጨመርሁበት ቆጮ

በ1954 ዓ.ም. በኅዳር፣ ዝናቡ አቁሞ እንሰት የሚፋቅበት ጊዜ ሲገባ፣ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከጓሯቸው ሦስት እንሰት መርጠው "እነዚህ ያንቺ ናቸው" አሉኝ። ካገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጄንም ፀንሼ ነበር። ባሌ ጉኑኖ አጠገብ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ የምንኖረው ከወላጆቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። አባቱ የሰጡት መሬት ከቤቱ በታች ባዶውን ተቀምጧል። ቤት ያልተሠራበት በእኔ ምክንያት ነበር። አማቴ የራሷን ቆጮ ማድረስ ለማትችል ሴት ምድጃ አይሰጡም። እኔ ደግሞ ልጄን በራሴ ቤት መውለድ እፈልግ ነበር።

ያደግሁት ሶዶ ከተማ ነው። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነበር። ቤታችን የሚበላው እንጀራ ነው፤ ቆጮ ሲያምረን ከገበያ እንገዛለን። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። እንሰት ግን ፍቄ አላውቅም ነበር።

እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይጠጋም። አማቴ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ሚስትና እኔ ሦስት ቀን ሠራን። ግንዱን ልጣጭ በልጣጭ እየገነጠልን በቀርከሃ ፋቅን፤ ሥሩን ከተከትን፤ ጨመቅን፤ ቡላውን ለየን።

"ቀስ በይ፣ የከተማዋ ሙሽራ!" ትለኝ ነበር የባሌ ወንድም ሚስት። "እንሰቱ ምን በደለሽ?"

ስንጨርስ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ከተትነው፤ በቅጠል ሸፍነን ድንጋይ ጫንንበት። ከዚያ በኋላ ጥበቃው የእኔ ሆነ። አማቴ "እኔ እንደማደርገው አድርጊ" ከማለት በቀር ምንም አልነገሩኝም። እሳቸውም የተማሩት በማየት ብቻ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከፍቼ አየሁት። ደረቅ መሰለኝ፤ ሽታም አልነበረውም። እናቴ ቤት ሊጥ አልቦካ ሲል ለብ ያለ ውሃ ይጨመርበታል። ስለዚህ ማንም ሳያየኝ አንድ ቅል ውሃ አፈሰስሁበት። ከሳምንት በኋላ ደገምሁት።

በጥር ጉድጓዱ ሲከፈት ቆጮው ጠቁሮ፣ ተልቶ ተገኘ። የባሌ ወንድም ሚስት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ "ይህ ሽታ ዳሞታ ተራራ ላይ ያሉትንም ያስነጥሳል" አለች። አማቴ አልሳቁም። እፍኝ አንሥተው አዩት፤ መልሰው ጣሉት።

"ምን ይደረግ፣ ልጄ፤ እጅ አልተሰጠሽም" አሉኝ።

ስድብ አልነበረም። ስለ አንድ ሰው ዕውር ነው እንደሚባለው ነው ያሉት። ወተቷ ቶሎ ለሚናጥላት፣ ቆጮዋ ለሚነጣላት ሴት እጅ አላት ይባላል፤ ለሌላዋ የላትም ይባላል፣ በዚያው ያበቃል። በዚያው ቀን ለባሌ "ቤቱ ይቆይ። ለሚስትህ ቆጮ እኔ አለሁ" አሉት። የተበላሸውን በማግስቱ ማለዳ፣ ጎረቤት ሳይነሣ፣ ከጓሮ ጀርባ ቀበሩት። ስድስት ዓመት የቆመ እንሰት ነበር፤ ሦስቱም።

እግዚአብሔር እጅ እንዲሰጠኝ ጸለይሁ። ብዙ ቀን ጸለይሁ።

አማቴን በዚያ ዓመት ፊደል የማስቆጥራቸው እኔ ነበርሁ። ወንጌሉን በገዛ ዓይናቸው ማንበብ ይመኙ ነበር። ከምሳ በኋላ ደጅ ላይ ቁርበት አንጥፈን እንቀመጣለን። እኔ በእንጨት እጠቁማለሁ፣ እሳቸው ይላሉ። ከወር በላይ ብንቆይም "በ" እና "ሰ" አልለይ አሏቸው። እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ "እኒህ ሴትዮ ለዚህ አልተፈጠሩም" ብያለሁ። ለባሌም ብዬዋለሁ።

አንድ ቀን የፊደል ገበታውን ገፋ አደረጉት።

"እነዚህ መንታ ናቸው" አሉ። "የወለደቻቸውም አትለያቸው። ተዪኝ፤ ለእኔ አልተሰጠኝም። ባልሽ ከሆዴ ሲወጣ ጀምሮ አንባቢ ነው።"

"አዬ" አልኋቸው፤ በወላይትኛ እናቴ ማለት ነው። "እሱም ሁለት ዓመት ሙሉ እየተገረፈ ነው የለየው። ራሱ ነግሮኛል። እርስዎ ገና ወርዎ ነው።"

"ሁለት ዓመት?"

"ሁለት ዓመት።"

ለእሳቸው የተናገርሁት ለእኔም እንደሚሆን የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሁለት ወር የደበቅሁትን ነገር አወጣሁት።

"አዬ፣ ቆጮው ላይ ውሃ ጨምሬበት ነበር።"

"ምን?"

"ውሃ። እንዲቦካ ብዬ። ሁለቴ።"

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። መጀመሪያ የተቆጡ መሰለኝ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ግን ሳቅ ነው።

"ሦስት ቀን ሙሉ ስንጨምቅ የዋልነውን ውሃ መለስሽለት? ልጄ፣ ጠላ ጠመቅሽ እንጂ ቆጮ መች ሠራሽ!" ዕንባቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወደ ጓሮው ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔም ሦስት ጉድጓድ አበላሽቻለሁ።"

"እርስዎ?"

"ባገባሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። አንዱን ቶሎ ከፍቼ፣ አንዱን ሳላገላብጥ ረስቼ። ሦስተኛውን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ባለቤቴ እንኳ አያውቅም። እናቴ 'ሰው ሳያይ ቅበሪ' አለችኝ፤ ቀበርሁ።"

ሁሉም ቤት እንደዚያ ነበር። የተበላሸው ሰው ሳይነሣ ይቀበራል፤ ነጩ ለእንግዳ ይቀርባል። አዲስ የገባች ልጅ የምታየው ነጩን ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጅ ስጠኝ ማለቱን ተውሁ። አማቴ እንዳይሰለቹኝና እኔም መጠየቅ እንዳላፍር ነበር የምጸልየው። በጥር መጨረሻ ሁለት እንሰት ጨመሩልኝ። በዚህኛው ጊዜ ለምን፣ መቼ፣ ምን ያህል እያልሁ ጠየቅሁ። አንዳንዱን ይመልሳሉ፤ አንዳንዱን "እኔስ መች አውቄው፤ እጄ ነው የሚያውቀው" ይላሉ። ያን ጊዜ እጃቸውን እይዝና እንዲያሳዩኝ አደርጋለሁ። እፍኝ ቆጮ ጨብጠው በጣቶቻቸው መሃል ውሃ ከወጣ ገና ነው ማለት ነበር። እኔም ጨበጥሁ። በየሳምንቱ ከፍተን አገላበጥነው። ከምሳ በኋላ ደግሞ ተራው የእሳቸው ነበር። "በ" ቀድማ ተለየች፤ "ሰ" ስድስት ቀን ቆየች።

በመጋቢት አጋማሽ ጉድጓዱን ከፈትሁ። ሆዴ ገፍቶ ነበር፤ ጎንበስ ማለት ያቅተኛል። ቆጮው ነጭ ነበር፤ ሽታውም ደኅና። በአንድ በኩል ግን ስንዝር ያህል ጠቁሯል። እጄ ሳላዝዘው ቅጠሉን መልሶ ሊሸፍነው ሄደ። መለስሁት። የጠቆረውን አውጥቼ ሁሉም በሚያየው ቦታ በቅጠል ላይ አኖርሁትና የባሌን ወንድም ሚስት ጠራሁ።

"ይህ ምን ሆኖ ነው?" አልኋት።

ለመሳቅ ነበር የመጣችው። ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን በጣቷ ዳሰሰች።

"ቅጠሉ እዚህ ጋ ተቀድዷል። ከውጭ ውሃ ገብቶበታል። እኔም አምና..." አለችና አቆመች። አማቴ ቀና ብለው አዩዋት።

"አምና ምን?"

"አምና... አንዱ ጥግ።"

"የት አደረግሽው?"

"የት ይደረጋል፣ አዬ!" አለች፤ ሦስታችንም ሳቅን።

አማቴ ከነጩ ቆርሰው ቀመሱ። "ይበላል" አሉ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ባሌ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደጅ ላይ ጠበቁት።

"ምሰሶ ቁረጥ" አሉት። "ልጁ ሳይመጣ ጣሪያው ይድረስ።"

"ሁሉም ደኅና ሆነ እንዴ?" አላቸው።

"ሁሉም አልሆነም። የጎደለውን ታውቀዋለች።"

ቤቱ በሚያዝያ ተከደነ፤ ልጄ በግንቦት እዚያው ተወለደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፤ የተበላሸብኝም አለ። ለሴቶች ልጆቼና ለምራቶቼ ሁሉንም ከፍቼ አሳይቻለሁ። አማቴ ከማረፋቸው በፊት የማርቆስን ወንጌል ቀስ እያሉ ጨርሰዋል። ስለ ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን።

አማቴ ምሰሶ ቁረጥ ባሉ በማግስቱ ጠዋት፣ ከጸሎት በኋላ፣ የተቀደደውን ቅጠል ከጉድጓዱ አወጣሁ። ሁለት ያልተሰነጠቁ ቅጠሎች ቆርጬ ደራርቤ አነጠፍሁ። ነጩን ቆጮ መልሼ ከመክተቴ በፊት የባሌን ወንድም ሚስት ጠርቼ "እስኪ እዪልኝ" አልኋት።