ቅቤ የተቀባው ፍሬን

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሠርግ ስለነበረ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ልሄድ ማልጄ ወጥቼ፣ መናኸሪያ የሚያደርሰኝ ጋሪ ስጠብቅ፣ አንዱ ባለጋሪ የፈረሱን የቆዳ ማሰሪያ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በቆየ ቅቤ ሲያሽ አየሁት። ጎረቤቶቼ ይህ ሽታ ሲሸታቸው አባታቸው ትዝ ይላቸውና ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። የእኔ ግን ደሜ ነው የሚፈላው። አምስት ልጅ ወልጄ፣ የልጅ ልጅ ታቅፌም ይፈላል። ባለጋሪው ፊቴን አይቶ አመመዎት ወይ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት፤ ውሸቴን ነው።

ቤታችን ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር፤ ከላይ ከተማው፣ ከታች ሸለቆውና ወንዙ። ታላቅ ወንድሜ ሙላት አንድ ክፍል ደግሞ ስለነበር ስምንተኛን አብረን ጨረስን። ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ቤት እንጅባራ ነው፤ በእግር ሄዶ ለመመለስ ይርቃል፣ አባቴ ደግሞ ቤት ተከራይቶ የሚያስተምርበት አቅም የለውም። እንዲያም ሆኖ ወይፈን ሸጦ አንድ አሮጌ ብስክሌት ገዛ። ብስክሌቱን ያገኘ ይማራል፣ ያላገኘ ይቀራል። አባቴ የፈረስ ሰው ነበርና እንደ ፈረስ ፈተነን፦ ሁለታችሁም በእሱ ሂዱ፣ ከወንዙ አንድ ኮዳ ውሃ ቀድታችሁ ተመለሱ፣ ቁልቁለቱን መሪውን ይዞ የወረደ እጅ ብስክሌቱን ይወስዳል አለ።

ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ጎህ ሲቀድ ብወጣ ሙላት ከእናቴ ቅል የሰረቀውን ቅቤ ይዞ ብስክሌቱ ሥር ተንበርክኳል። የፈረስ ዕቃ ማሸት የእሱ ሥራ ነበር፤ ኮርቻውን፣ እርካቡን፣ ልጓሙን በቅቤ ያሻል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ፈረሱም አይቆስልም። እንግዲህ በዚያው ልማዱ መቀመጫውን ቀባ፣ ካቴናውን ቀባ፤ ቀጥሎ የፍሬኑን ላስቲክ ሁለቱንም እያገላበጠ ቀባ፣ ጎማውን እንዳይነክሰው ብሎ። እኔ ጅሏም ቆሜ አየሁት፤ ያውቃል ብዬ ነዋ! ይበለኝ።

መጀመሪያ መሪውን የያዘው እሱ ነበር። ገና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ግን ሸለቆው አፉን ከፍቶ ሲታየው ፊቱ አመድ መሰለና እንቺ ያዥው ብሎኝ ከኋላ ተቀመጠ። እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ጉሙ ከቀርከሃው መሀል እየተነሳ ነው፣ ንፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፣ ገብሱ በግራ በቀኝ ይሮጣል፣ ሙላት ከኋላ ቀሚሴን ጨምድዶ ማርያምን ይጠራል፣ እኔ እስቃለሁ። ወደታች በወረድን ቁጥር ብርዱ እየለቀቀ፣ ፀሐይዋ እየሞቀች፣ የወንዙ ድምፅ እየቀረበ ሄደ። ብስክሌቱ የእኔ ነው፣ ትምህርት ቤቱ የእኔ ነው፣ አለቀ እያልኩ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ከዚያ ወዲህም ያን ደስታ አላየሁትም።

ፀሐይዋ ስትሞቅ ግን ቅቤውም ቀለጠ። ከወንዙ በላይ ካለው የመጨረሻ መታጠፊያ ስንወጣ መንገዱን የሞላ ለቅሶ መጣብን፤ የሟች ፈረስ ተሸልሞ ከፊት ይሳባል፣ ሽማግሎቹ ይከተላሉ። ፈረስ ላይ ያለ ሰው ለቅሶ ሲያጋጥመው ይወርዳል፤ ይህን የማያውቅ የአገራችን ልጅ የለም። ፍሬኑን በሁለት እጄ ጨመቅኩት፣ ምንም። ሙላት በፍርሃት ከኋላዬ ዘሎ ወረደ። እኔ ሰው እንዳልገጭ ደወሉን እያቃጨልኩ፣ በለቅሶ መሀል እያቃጨልኩ፣ ሕዝቡን ለሁለት ከፍዬ አለፍኩና ወንዙ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ፈረሱ በርግጎ ሁለት ሰው ሊጥል ትንሽ ቀረው። ከሽማግሎቹ አንዱ በአዊኛ እንዲህ ሲሉ እስከ ውሃው ድረስ ተሰማኝ፦

«ይህች የማን ልጅ ናት?»

ወንድሜን ግን መረቁት፤ ለሙት ክብር የወረደ ጨዋ ልጅ ብለው።

እርጥብ ቀሚሴን ጨምቄ ኮዳውን ሞላሁ። ዳገቱን ብስክሌቱን እየገፋሁ ወጣሁ፤ ሙላት ባዶ እጁን ከኋላዬ። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። አባቴ ኮዳውን ተቀብሎኝ ውሃውን መሬት ላይ ደፋውና ብስክሌቱን ለሙላት ሰጠው። ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ ነው አልኩ። ሙላትን ጠየቀው፤ ሙላት አጎንብሶ እግሩን አየ። ቅቤ እያልኩ ስጮህ በወንድሟ ልታላክክ ነው ተባልኩ። በጥር ዳንግላ ዳሩኝ። እሱ ሁለት ዓመት እንኳን ሳይማር ትምህርቱን ትቶ ብስክሌቱን ሸጠው። እግዜር ይይለት!

አሮጌው ቤታችን በተደገሰው ሠርግ ላይ ሙላት ጠላው ሞቅ ሲያደርገው እንደ ልማዱ ያንኑ ጨዋታ ጀመረ፤ ለቅሶ ላይ ደወል ያቃጨለችው እህቴ እያለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ጊዜ እኔም አብሬ ፈገግ እል ነበር። የዚያን ቀን ግን የባለጋሪው ቅቤ ገና ከአፍንጫዬ አልወጣም።

«ሙላት፣ ፍሬኑን ቅቤ የቀባው ማን እንደሆነ ንገራቸው» አልኩት።

«የሺ፣ ልጆች ነበርን እኮ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። የቀባሁት እኔ ነኝ አላለም። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች በሠርግ ቀን ምን ነካሽ አሉኝ።

በማግስቱ ማንንም ሳልሰናበት ከአሮጌው ቤታችን ደጃፍ ባጃጅ ይዤ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አድርሰኝ አልኩት። መንገዱ አስፋልት ሆኗል። ልጆቼን ስድር፣ ባሌን ስቀብር እንደ ሰማይ ሲርቀኝ የኖረው ትምህርት ቤት ሃያ ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ዩኒፎርም የለበሱ ሴት ልጆች በሩ ላይ እየተገፋፉ ይገባሉ። ሹፌሩ ይወርዳሉ ወይስ ልጠብቅዎት ብሎ ጠየቀኝ። መልሰህ ቤቱ ጋ ውሰደኝና እንደገና አምጣኝ አልኩት። እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም፤ ግን ወሰደኝ፣ አመጣኝም።

ሁለተኛውም ሃያ ደቂቃ ነበር።